የቀበቶዬ ቁራጭና የምራቴ መላጊያ ማሽን

የማወራላችሁ ስለ ምራቴ ነው፤ ግን ከራሴ ካልጀመርኩ አይገባችሁም። እዚህ የእንጨት ሥራ ቤት መላጊያ ማሽኑ ገና በሣጥን ታሽጎ ሲመጣ የፈታሁት እኔ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አብሮት የመጣውን መጽሐፍ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ነው ያደረግኩት። ሻጩ ሦስት ቀን ይፈጃል ያለውን በግማሽ ቀን ገጣጠምኩት፤ አንድም ብሎን አልተረፈም። እሺ፣ ሁለት ተርፈዋል፤ እስከ ዛሬ የፈለጋቸው የለም።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ሸካራ ሳንቃ በአንድ በኩል ይገባል፣ ሮለር የሚባሉት ክብ ብረቶች ይጎትቱታል፣ ከላይ የሚሽከረከሩት ቢላዎች ይልጉታል፣ በወዲያኛው በኩል ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ውፍረት ሆኖ ይወጣል። እንደሚገባው ከወጣ ማለቴ ነው።

ዓይኔ ሲደክም ማሽኑን ለትልቁ ልጄ ሚስት አስረከብኩ። ስትመጣ ቀኑን ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት እንጨት ስታሽ የምትውል ነበረች፤ የጣቶቿ ጫፍ ከመለስለሱ የተነሳ ስልክ እንኳ አልታዘዝ ይላት ነበር። ዝምተኛ ናት። እኔ አንድ ሰዓት የማወራውን እሷ በቅንድቧ ትጨርሰዋለች። ልጄ ሚስቱ ስትቆጣ የሚያውቀው ወጥ ሲቀንስበት ነው።

ታዲያ የትምህርት ቤት ጠረጴዛ ታዘዘና ማሽኑ አመሉ ተነሳበት። አንዱ ጠረጴዛ ከአራት ሳንቃ ነው የሚጣበቀው፤ ሳንቃዎቹ እኩል ካልሆኑ ልጆቹ የሚጽፉት ደረጃ ላይ ነው። የሥራ ቤቱ ባለቤት፣ አለቃ የምንለው፣ ጠዋት መጣ። አለቃን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የተኛበትን የሕፃን አልጋ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ዛሬም ልጆቹ ይተኙበታል።

«ስሚ» አላት፤ «እስከ ምሳ ካልተስተካከለ ማሽኑ ለቁራሌው ይሸጣል። የተላገ እንጨት ከውጭ አመጣለሁ። አንቺም ወደ ብርጭቆ ወረቀትሽ።»

እሷ ሶኬቱን ነቀለችና ሥራ ጀመረች።

መጀመሪያ ሳንቃው መሀል ላይ እየቆመ ነበር ያስቸገራት። ሮለሮቹ ሙጫ ጠጥተው እንደ መስታወት ያንሸራትታሉ። በላምባ በነከረችው ጨርቅ ጠረገቻቸው፤ የማሽኑን ጠረጴዛ ደግሞ በሻማ አሸችው። ሻማውን ማን አስተማራት? እኔ። ቀጥሎ የእንጨቱ ፊት እየተቦጨቀ ወጣ፤ ሳንቃውን አዙራ በሌላው ጫፍ አስገባችው። እንጨት እንደ ድመት ነው፤ በጠጉሩ አቅጣጫ ካልዳበስከው ይቧጭርሃል። ከዚያ ደግሞ ሳንቃው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጭን መስመር ወጣ፤ ቢላዎቹ ምስማር ነክሰው ተሸርፈዋል። አንዱን ቢላ ፈትታ በፀጉር ያህል ወደ ጎን ገፋችና አሰረችው፤ አንዱ የሳተውን ሌላው ላገውና መስመሩ ጠፋ። ይህቺን እንኳ እኔ አላስተማርኳትም። አለማስተማሬን ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ ነገር ግን እምቢ አለ። ሳንቃው ሊወጣ ሲል ቢላው የመጨረሻዋን ስንዝር በጥልቀት ይነክሳታል።

«ጭራውን ቀና አድርገሽ ያዢው» አልኳት።

«ይዤዋለሁ አባባ።»

«እንግዲያው ቢላው ነው።»

«አሁን አይደል ያሰርኩት?»

«እንጨቱ ነዋ፤ ምቀኛ እንጨት አለ።»

«ሃያ ሳንቃ በአንድ ቀን ተመቀኘኝ?» አለችና ማሽኑን አጥፍታ፣ ሶኬቱን ነቅላ፣ ሁለት እጇን የማሽኑ ጠረጴዛ አንድ ማዕዘን ላይ አስደግፋ ተጫነችው። ጠረጴዛው ዝቅ አለ፤ ስትለቀው ከፍ አለ።

«ብረት እንዲህ አይተነፍስም» አለች። ሰጋቱራው ላይ በጀርባዋ ተኝታ ባትሪ ይዛ ከሥር ገባች።

እኔ የሕፃን አልጋውን ወሬ እያወራሁ ነበር፤ ስትወጣ ወሬው አፌ ላይ ቀረ። በእጇ የያዘችው ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ ቆዳ ነው፣ መሀሉ ላይ ጠማማ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳዋን አወቅኳት። በምስማር የበሳኋት ራሴ ነኝ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የጠረጴዛው አንድ እግር ዝቅ ብሎ ስላስቸገረኝ፣ የሚሆን ብረት አጥቼ የቀበቶዬን ጫፍ ቆርጬ ከሥሩ ሸጎጥኩ። ለሰው ሁሉ ደግሞ «ወገቤ ስለቀጠነ ነው ያሳጠርኩት» ስል ኖርኩ።

ምራቴ ቆዳውን አየች። ወገቤን አየች። መዳፏ ውስጥ ጨበጠችው።

አለቃ በዚያው ደረሰ። «ምን አገኘሽ?»

«ቆዳ ነው። ከሥር ተሸጉጦ ነበር፤ ዘይት ሲጠጣ ለስልሶ ነው ጠረጴዛው የሚዋዥቀው።»

«ማን ነው የሸጎጠው?»

«እኔ እንጃ።»

«ከአንቺ በቀር የሚነካው የለም እኮ። ራስሽ አበላሽተሽ ራስሽ ጠጋኝ ሆንሽ ማለት ነው?»

እሷ ቁራጩን ይበልጥ ጨበጠችው። ልታስመልጠኝ ነው። ሰውዬው ደግሞ ወደ ብርጭቆ ወረቀቱ እያየ ነው። እኔ በሕይወቴ ሰው ከኋላዬ ተከልሎ ያውቃል እንጂ ከሰው ኋላ ተከልዬ አላውቅም።

«አለቃ፣ ና ወዲህ» አልኩት። ቀበቶዬን ፈትቼ ቁራጩን ከእጇ ተቀበልኩና ጫፍ ለጫፍ ገጠምኩለት። ልክክ አለ። ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዣለሁ። «የኔ ነው። የእሷ ጥፋት አይደለም። አሥራ አንድ ዓመት ማሽንህን ደግፎ ያቆመው ይሄ ነው፤ ለቆዳ ይህ ጥቂት ዕድሜ መስሎሃል?»

አለቃ ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፤ አልቻለም።

ምራቴ ግን የብረት ላሜራ ቆርጣ ተመልሳ ከሥር ገብታለች። በቆዳው ፋንታ ላሜራውን አስገብታ ብሎኑን አጠበቀች፤ ጠረጴዛውን ተጫነችው፤ ንቅንቅ አላለም። ሳንቃ አስገባች፣ ደገመች፣ ሁለቱን ፊት ለፊት አነባብራ ወደ መስኮቱ አነሳቻቸው። በመሀላቸው ብርሃን አላለፈም። ምሳ ገና ነበር።

አለቃ ስለ ቁራሌው ዳግመኛ አላነሳም። ማሽኑም እሷም ቦታቸው ላይ ናቸው። እሷ ግን አሁን አመል አወጣች፤ ጠዋት ጠዋት ማሽኑን ከማስነሳቷ በፊት መጀመሪያ ወገቤን ታያለች፣ ከዚያ ወደ ጫማዬ ክር ትወርዳለች፣ ሁሉም በቦታው መኖሩን ካረጋገጠች በኋላ ነው ሶኬቱን የምትሰካው።