የገመዱ ጫፍ

እኝህን ገመድ ሠሪ እናት ያወቅኋቸው የጭነት ገመድ ልገዛ ሰቆጣ ገበያ የወረድኩ ቀን ነው። ገና ዋጋ ሳልጠይቅ የቃጫ ገመድ ጫፍ እጄ ላይ አስቀመጡና "ጠበቅ አድርገህ ያዝልኝ፣ ልጄ" አሉኝ። እሳቸው እየገመዱ ወደ ኋላ ሄዱ፤ እኔ እንደቆምኩ ቀረሁ።

ቃጫውን ቆርጠው፣ ዘፍዝፈው፣ ፍቀው የሚያመጡት ራሳቸው ናቸው። ጭናቸው ላይ ከማሾር ብዛት ቀሚሳቸው ሳስቷል። ሲገምዱ ከንፈራቸውን ነከስ ያደርጋሉ።

አጠገባቸው ሰላሕ የሚባል ባለሱቅ ናይለን ገመድ ይሸጣል።

"እማማ፣ የእኔ እኮ ዝናብ አያበሰብሰውም!" ይላቸዋል።

"የአህያ ጀርባ ግን ይልጣል። ያንተን አህያ በምን ነው የጫንካት?"

ሰላሕ ይስቃል። በእሳቸው ገመድ ነዋ።

እጄን ሲያመኝ "እማማ፣ ጫፉን እዚህ ግንድ ላይ ቢያስሩት አይሻልም?" አልኳቸው።

መግመዳቸውን ሳያቆሙ "ልጄ ነበር የሚይዝልኝ" አሉ። "ለውትድርና ወሰዱብኝ። ይኸው ወሬውም የለ። ግንድ ላይ ካሰርኩትማ አይመጣም ማለቴ አይደል?"

ገመዱ እስኪያልቅ ጫፉን አልለቀቅኩም።

ሰቆጣ ገበያ ከወረዳችሁ ከሰላሕ ሱቅ አጠገብ ታገኟቸዋላችሁ። ገመድ ባትፈልጉም በእሳቸው በኩል እለፉ። እባካችሁ፣ ልጃቸው እስኪመጣ ጫፉን ያዙላቸው።