ኖታ ሳላውቅ ያስተማርኩባቸው ዓመታት

ጳጉሜን ሲገባ የልጄን ያለቀ ደብተር አወጣና መጨረሻው ገጽ ላይ ለመጪው ዓመት ያሰብኩትን እጽፍ ነበር። ቄስ ትምህርት ቤት የቆየሁት ጥቂት ወር ነው፤ ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ደግነቱ ከኔ በቀር የሚያነበው የለም።

አንድ ዓመት ስገልጠው ባለፈው ጳጉሜን የጻፍኳቸው ሦስት ነገሮች ነበሩ። የተማሪዎቹን ጣት በማስመሪያ አልመታም። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትዘገይ ወንዝ የወሰዳት እየመሰለኝ እስከ ቀበና ድልድይ አልሮጥም። ኖታ እማራለሁ። ሁለቱን አልፈጸምኩም፤ ሦስተኛውንማ ከዚያ በፊትም ደጋግሜ ጽፌው ነበር።

አዎ፣ ፒያኖ አስተምር ነበር፣ ኖታ ግን ማንበብ አልችልም። በልጅነቴ ቀበና አንዲት የውጭ አገር ሴት ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ማዳም የትልልቅ ሰዎችን ልጆች ፒያኖ ታስተምራለች፤ እኔ ከበሩ ውጪ ወለል እየወለወልኩ ዜማውን በጆሮዬ እይዛለሁ። እሷ ስትወጣ ፒያኖው ላይ በጣቴ እፈልገዋለሁ። አገሯ ስትመለስ ፒያኖውን ተወችልኝ። ስምንት ሰው ተሸክሞት ቤቴ ሲገባ ሰፈሩ "አስተማሪ" አለኝ፣ እኔም ዝም አልኩ። ልጆች መጡ። ፊታቸው የማላነበውን መጽሐፍ እዘረጋለሁ። አንዲት እናት መጥታ "እቺ ነጥብ ምንድን ናት?" እንዳትለኝ ስፈራ ዓመቱ ያልቃል።

ከሁሉም ልጄ ትበልጥ ነበር። በዚያ ክረምት ሙዚቃ ትምህርት ቤት ልትፈተን ወሰድኳት። እዚያ ከገባች የሰው ወለል ሳትወለውል ትኖራለች ብዬ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። ጥሩ ተጫወተች። መሐል ላይ እንደ ልማዷ ቆም አለችና ቀጠለች።

"ቆይ፣ እዚህ ጋ ለምን ቆምሽ?" አላት ፈታኙ።

"ዜማው እዚህ ጋ ይቆማል።"

"ማን አለሽ?"

"እማዬ። ያስተማረችኝ እሷ ናት።"

ወረቀት ሲገላበጥ ሰማሁ፣ ከዚያ ሳቅ። "እዚህ ጋ እኮ ገጹ ነው ያለቀው! ሰው ገጽ እስኪገልጥ ነው የሚቆመው። በይ አይዞሽ፣ ይሄን ደግሞ ከወረቀቱ እያነበብሽ ተጫወቺልኝ።"

ፒያኖው ዝም አለ። ዝም እንዳለ ቀረ።

የማዳም ተማሪዎች ገጽ ሲገልጡ ያቆሙትን እኔ ከዜማው ጋር ለቅሜ ለልጄ አውርሻለሁ። አልተቀበሏትም።

በዝናብ ወደ ቀበና ስንወርድ ነጠላዬን ባለብሳት ገፋችው።

"እማዬ፣ አንቺ ኖታ ማንበብ ትችያለሽ?"

"ድሮ እችል ነበር። ረሳሁት።"

"ድሮ መቼ?"

ነጠላዬን መልሼ ተከናነብኩ። እሷም ሁለተኛ አልጠየቀችኝም፤ ቀድማኝ ሄደች።

ጳጉሜን ሦስት ቀን የሰፈሩ ልጆች ዝናብ ሊጠመቁ ግቢ ውስጥ ሲንጫጩ እኔ ደብተሩን ይዤ ተቀመጥኩ። ኖታ እማራለሁ ብዬ መጻፍ አፈርኩ። "ለተማሪዎቹ እናቶች እውነቱን እነግራለሁ" ብዬ ጻፍኩ። እንዳልፈራ ሳላድር ተነሣሁ።

መጀመሪያ ሁለት ሴት ልጆቿን የምትልክልኝ እናት ጋ ሄድኩ። ሁሉንም ስነግራት አፏን ይዛ ሳቀች።

"አንቺ ሴትዮ! እኔኮ ልጆቼ እዚያ ጋ ሲቆሙ ትንፋሽ እየሰበሰቡ ነው ብዬ ለባሌ አስረዳሁት!" ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። "እና አሁን ልላካቸው ወይስ አልላካቸው?"

"እኔ እንጃ" አልኳት። "ባትልኪያቸው ሳይሻል አይቀርም።"

የቀሩትም ቤት ሄጄ ይህንኑ ነገርኳቸው። አንዷ በሩን ዘጋችብኝ። ሌላዋ "ከምንም ይሻላል" አለችና ልጇን ልትልክ ተስማማች።

መስከረም ጠባ። በትምህርታችን ቀን የተስማማችው እናት ልጅ ብቻ መጣች። መጽሐፉን ሳልዘረጋ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ልጄ ጓዳ ነበረች። ፒያኖው ሲጀምር ጫማዋን አድርጋ፣ ዞር ብላ ሳታየኝ ወጥታ ሄደች።