ቃሬዛ ያላስገባው ጄት

መሥሪያ ቤታችን ያገለገለ ጄት ሊገዛ ነው ሲባል ባሕር ዳር ውስጥ ያልሰማ የጣና ዓሣ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ሳይሰማ አልቀረም። ዘመኑ የደርግ ነው። እኛ የግዥ ክፍል ሰዎች እስክርቢቶ እስኪፈቀድልን የምንሸብት ነን፤ ለአውሮፕላኑ ግን በአንድ ጧት ኮሚቴ ሆነን ተሰየምን። ሥራ አስኪያጁ «ጓዶች፣ ይህ ጄት የሰፊው ሕዝብ ነው! የታመመ ሠራተኛን፣ ቤተሰቡንም ሳይቀር አዲስ አበባ ያደርሳል» አለን። ከሁሉም ቀድሜ ያጨበጨብሁ እኔ ነኝ፤ መዳፌ እስኪላጥ።

ሻጩ ጄቱን አምጥቶ አሳየን። መቀመጫው ስድስት ነው፤ ቆዳው ከሥራ አስኪያጁ ጉንጭ ይለሰልሳል፤ የፊተኛው ባለቤት ሽቶ ገና አልለቀቀውም። ኮሚቴው በየተራ እየተቀመጠ ተንፈላሰሰ። አንዱ ጓድማ እንቅልፍ ጥሎት በመከራ አወረድነው። ጣናን በአየር አንዴ ዞረን ስንመለስ ግዥው አልቆ ነበር።

እኔ ብቻ «ቃሬዛ ይገባል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ሁለት መቀመጫ ከተነሣ» አለ ሻጩ።

ሥራ አስኪያጁ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎ «እናነሣዋለን» አለኝ።

አባቴ ከጣና ማዶ ቁንዝላ መሪጌታ ነበሩ። ወሬውን ስነግራቸው ሳቁብኝ።

«በቅሎ እንኳ ስትገዛ ተጭና ትሞከራለች። ጀርባዋ ለሰለሰ ተብሎ ይገዛል እንዴ?»

«አባየ፣ ይች እኮ ገብስ አትበላም።»

«ግድ የለህም፣ የሚበላላት አይጠፋም።»

ክረምቱ ሲወጣ እኒሁ አባቴ ከበቅሎ ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። በጀልባ ባሕር ዳር አመጣኋቸው። ሐኪሙ «አዲስ አበባ ካልደረሱ አይተርፉም፤ መቀመጥ ግን አይችሉም፤ ተኝተው ነው የሚሄዱ» አለኝ። ወደ ሥራ አስኪያጁ ሮጥሁ። «ነገ ጧት እሄዳለሁ፣ አምጣቸው» ሲለኝ እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ።

በማግስቱ ቃሬዛውን ተሸክመን አውሮፕላን ማረፊያው ደረስን። ስድስቱም መቀመጫ እንዳለ ነው።

«ይነሣል ብለውኝ ነበር እኮ፣ ጓድ» አልሁት።

«ቆዳው ይበላሻል። ደግፋችሁ አስቀምጧቸው፤ ቅርብ እኮ ነው።»

ቀና ስናደርጋቸው አባቴ የጮሁት ጩኸት ጣናን ተሻግሮ ቁንዝላ ተሰምቷል። መልሰን መሬት ላይ አስተኛናቸው። ወዲያው የሥራ አስኪያጁ ሾፌር ረጅም ሣጥን ተሸክሞ መጣ፤ በበረዶ የታሸገ የጣና ዓሣ፣ ለበላይ አለቆች እራት። ሁለት መቀመጫ ይዞ ተጋደመ። ዓሣው ተኝቶ ሄደ።

አባቴ ከቃሬዛው ላይ ሆነው ያያሉ። «ልጄ፣ መሪጌታ ከምሆን ቀረሶ ዓሣ ሆኜ ብወለድ ኖሮ» አሉ።

ላንድሮቨር ለምኜ በየብስ ይዣቸው ወጣሁ። መንገዱ በየጉድጓዱ ያነሣናል፣ ያፈርጠናል። መራዊ ስንደርስ እጄን ያዙኝ።

«መልሰኝ። በሰው አገር አልቀበር።»

መለስኋቸው። ሳምንት ሳይሞላ ቁንዝላ ቀበርናቸው።

ሥራ አስኪያጁ ባሕር ዳር ቤቴ ድረስ ለቅሶ መጣ። ከንፈሩን መጠጠና «አይዞህ ጓድ፤ መቀመጫው በቀላሉ እንዲነሣ ተነጋግረናል። ለሚቀጥለው ይስተካከላል» አለኝ።

«ለሚቀጥለው አባቴ ማለትዎ ነው?» አልሁት።

ዕድሜዬን ሙሉ ሳስቃቸው የኖርኋቸው ሰዎች ናቸውና፣ ከለቀስተኛው አንዱ ቀልድ መስሎት ፍርስ ብሎ ሳቀ። ሥራ አስኪያጁም አብሮ ሳቀ።