«እንብላ» ያልኩት ግድግዳ

የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ አርችዌይ የሚባል ሰፈር ነው፣ ብቻዬን። የጎረቤቴ በር በወዲያኛው ደረጃ በኩል ስለሆነ አይቼው አላውቅም፤ የማውቀው ሳሉን ብቻ ነው። በልቤ «እንግሊዙ» እለዋለሁ። ዕቃ ሲወድቅብኝ በግድግዳው በኩል «ሶሪ!» እላለሁ። አንድም ቀን መልሶልኝ አያውቅም።

ባለፈው ረቡዕ ኦፍ ነበርኩ። የምሠራበት ዳቦ ቤት ባለቤቶች ባልና ሚስት ናቸው፤ እሱ ጀርመን፣ እሷ ስፔን። የታወቁበት ብስኩትም ቁርጥ ትዳራቸውን ነው፤ ላይና ታቹ የእሱ አገር ቀረፋና ቅርንፉድ ያለው ስስ ብስኩት፣ መሃሉ የእሷ አገር በማር የተለወሰ አልመንድ። እሱን ልለማመድ ብዬ ቤቴ ጋገርኩ። ሽታው ቤቱን የዓመት በዓል አስመሰለው።

አንዱን በአንዱ ላይ እየከደንኩ ስደረድር ግን ሆድ ባሰኝ። ብስኩት እንኳ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተቀመጠ፤ እኔ ትሪ ሙሉ ይዤ «ቅመሱልኝ» የምለው ሰው የለኝም። ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ላክሁላት፤ አላየችውም። አንዱን ወደ አፌ ሳስጠጋ ብቻዬን መብላቱ አሳፈረኝና፣ እናቴ እንዳሳደገችኝ፣ ወደ ግድግዳው ዞሬ ጮክ ብዬ «እንብላ!» አልኩ። በቃ ለየልኝ ብዬ በራሴ ሳቅሁ።

ከወዲያ ይሰማ የነበረው ሳል ቀጥ አለ።

ከዚያው ከግድግዳው ወዲያ የአንዲት እናት ድምፅ መጣ፤

«ቅቤ ገብቶበታል እንዴ፣ ልጄ? ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው!»