የሻሼ ዓይን

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተነፈስኩትም። ሳረጅ ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም። እናንተ የምታነቡት ስሙኝ፤ ግን አደራ፣ አታባብሉኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። አዲስ ሙሽራ ሆኜ፣ ከባሌ ጋር አማኑኤል አካባቢ እትዬ ዘይነባ ግቢ አንድ ክፍል ተከራየን። እትዬ ዘይነባ ከወሎ የመጡ፣ መርካቶ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ነበሩ። ልጅ የላቸውም፤ ያለቻቸው ሻሼ ናት፣ ነጭ ድመታቸው። ከጎናችን ባለው ክፍል በርበሬ ነጋዴው ጋሼ ሽኩር ተከራይተው ይኖሩ ነበር።

እኔ ተክል ነፍሴ ነው። ከምን አለሽ ተራ በገዛሁት ጣሳ ደጅ የተከልኩትን አበባ ሁሉ ለአረፋ የሚቀለበው በግ ጨረሰብኝ። እልህ ያዘኝና ቅንጭብ ተክዬ ቤት አስገባሁ፤ ቅንጭብን እንስሳ አይነካውም ይባላል። ለምን እንደማይነካው ጠየቅሁ? ምን በወጣኝ! እትዬ ዘይነባ አይተው፣ "ልጄ፣ ወተቱ ዓይን ያጠፋል። ሻሼ ቤትሽ ትገባለች፤ ወዲያ አውጪልኝ" አሉኝ። እሺ አልኩ። አላወጣሁትም። መስኮቴ ላይ አምሮብኝ ነበር።

አንድ ቀን ቅርንጫፉን ቀነጣጥቤ ወለሉ ላይ ጥዬ ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። ስመለስ ሻሼ ወተት የሚያንጠባጥበውን ቅንጣቢ በመዳፏ እያንከባለለች ትጫወታለች። በዚያው መዳፍ ፊቷን ጠረገች። ወይኔ፣ አጯጯኋ! እኔስ ምን አደረግሁ? ዓይኗን አጠብኩላት? ሰው ጠራሁ? ቅንጣቢውን ጠርጌ ጣሳውን አልጋ ሥር ደበቅኩ። እሷ እየተደናበረች ወደ ግቢው ወጣች።

ሻሼ በጋሼ ሽኩር የበርበሬ ጆንያ ላይ መተኛት ትወድ ነበር። እሳቸውም እየሳቁ፣ "ውረጂ! አንድ ቀን በርበሬውን ዓይንሽ ውስጥ ነው የምሞጅርልሽ!" ይሏት ነበር፤ ግቢው ሁሉ ሰምቷል። ዓይኗ ቀልቶ አብጦ ሲታይ ሌላ ማን ይጠረጠራል? "ወላሂ አልነካኋትም" ብለው ማሉ። "በአፍዎ ያሉትን በእጅዎ አደረጉት! ቤቴን ይልቀቁልኝ" አሏቸው እትዬ ዘይነባ። ጋሼ ሽኩር የባላቸውን ጀናዛ ተሸክመው የቀበሩ ጎረቤት ናቸው እንግዲህ። እኔም ተጠየቅሁ። እዚያው ቆሜ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "አላየሁም" አልኩ።

ጋሼ ሽኩር ዕቃቸውን ጋሪ ላይ ጭነው ሊሄዱ ሲሉ በሬን አንኳኩ። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ሰጡኝ። "ለዓይኗ ቀቢላት። ከእኔ ነው ካልሻቸው አይቀበሉሽም፤ ያንቺ ነው በዪ" አሉኝ።

ያንን ብቻ እሺ ብዬ ፈጸምኩ። ዓይኗ ግን አልዳነም። እትዬ ዘይነባ እጄን ይዘው፣ "አላህ ዓይንሽን ይጠብቅልሽ፣ ወልደሽ ሳሚ" እያሉ መረቁኝ። አሜን አልኩ። አሜን!

ሻሼ ታውራም ግድግዳ እየታከከች ባዶው የጋሼ ሽኩር ክፍል ደጃፍ ሄዳ ትተኛ ነበር። እኔ በአጠገቧ አልፍ ነበር። እትዬ ዘይነባ ጋሼ ሽኩርን እንደተቀየሙ አረፉ፤ እሳቸውንም በርበሬ ተራ ሄጄ አልፈለግኳቸውም። ልጅ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነው አልልም። ልጆች ወለድኩ፤ በዚህ ዕድሜዬም ያለ መነጽር መርፌ እሰካለሁ። ለጋሼ ሽኩር የሚገባውን ምርቃት ነው እስከ ዛሬ የበላሁት።