ለቢኒ መኪና ጎማ የመረጥኩበት ቀን

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው። ያን ቀን ላምበረት ቁጭ ብዬ ለታናሽ ወንድሜ ለቢኒያም መኪና ጎማ ስመርጥ ዋልኩ። ቢኒ ግን ሌሊቱን አርፎ ነበር። ጎማውን የሚሸጡልኝ ሰው ያውቃሉ፤ እኔ አላውቅም። ዛሬም ጎማ በተደረደረበት ሱቅ ባለፍኩ ቁጥር ያ ቀን ይመጣብኛል። ለዚህ ነው ልጽፈው የተነሳሁት።

ቢኒ ሰርቬየር ነበር። ሰሜን ሸዋ ውስጥ መንገድ የሚሠራ ድርጅት ቀጥሮት፣ ቤት የሚመጣው በወር አንዴ ነው። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ያለችው አንዲት ቀይ ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና ናት። አሮጌ ናት፤ እሱ ግን "ሙሽሪት" ይላታል። ፈረንሳይ ሰፈር፣ እኛ በር ድረስ ባለው ኮብልስቶን ላይ ሆዷ እየተፋቀ ስትወጣ ሰፈርተኛው ሁሉ ይስቅበታል። እኔም "እንጨት ከጫነች አህያ ጋር ብትወዳደር አህያዋ ትቀድማታለች" እለው ነበር። ይስቃል እንጂ አይቀየምም።

ለኪዳነ ምሕረት በዓል እናታችንን በሙሽሪት እንጦጦ ሊያወጣት ቃል ገብቶላት ነበር። ጎማዎቹ ግን ጥርሳቸው አልቆ ለስልሰዋል፤ የእንጦጦ ጠመዝማዛ ደግሞ በክረምት አይታመንም። ስለዚህ ከሥራ ቦታው ደወለልኝ። "እህትዓለም፣ እኔ ስመጣ ጊዜ የለኝም። ጋሽ ሸምሱ ጋ ወስደሽ ጎማዋን አስቀይሪልኝ" አለ። የሚፈልገውን ጎማ ፎቶ በቴሌግራም ላከ። ከሥሩም "የኋላው ከፊቱ ይሰፋል፣ እንዳትሳሳቺ። ሌላ ቢሉሽ እምቢ በያቸው" ብሎ ጻፈበት።

ጋሽ ሸምሱ ከስልጤ መጥተው ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ጎማ መሸጥ የጀመሩት እኔ ልጅ ሳለሁ ነው። የአጎቴ ጎረቤት ናቸው። ቢኒን ይወዱታል፣ ቢኒም እሳቸው ጋ ሄዶ ሲያወራ ውሎ ይመጣል። ጨዋታ አዋቂ ናቸው፤ ጎማና ወሬ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚሸጡት።

ጠዋቱ ዝናባማ ነበር። ሙሽሪትን ቀስ እያልኩ ነድቼ ሱቃቸው ደጃፍ አቆምኳት። የመናኸሪያው ተሸካሚዎች ከበቧት፤ አንዱ "እመቤት፣ እዚህች ውስጥ ሰው የሚገባው ተጣጥፎ ነው?" ብሎ አሳቀኝ። ገና ከመቀመጤ አጎቴ ደወለ።

"የት ነሽ?"

"ጋሽ ሸምሱ ጋ። የቢኒን ጎማ ላስቀይር መጥቼ።"

"እሺ፣ በርቺ" ብሎ ቶሎ ዘጋው። ወዲያው የጋሽ ሸምሱ ስልክ ጠራ። ይዘውት ወደ ጓዳ ገቡ። ቆይተው ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሏል።

በኋላ እንደሰማሁት፣ አጎቴ የነገራቸው ይህን ነው። ቢኒ ሌሊት ራሴን ብሎ ወድቆ ሆስፒታል ሳይደርስ አርፏል። ሬሳውን ለማምጣት ሰው ሄዷል። እናቱና እህቱ የሚረዱት እንደ ወጉ ነገ ማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። "አደራህን ሸምሱ፣ እስኪመሽ እዚያው አቆይልኝ። ማንም እንዳይነግራት፤ ብቻዋንም እንዳትነዳ" ብሏቸዋል።

እኔ ምኑንም አላውቅም። ፎቶውን አሳየኋቸውና "ይኼ አለ?" አልኳቸው። "አለ" ብለው መጋዘን ገቡና ቀሩ። ሲመጡ ሌላ ዓይነት ጎማ ይዘው መጡ። ደግሞ ሄደው ሌላ አመጡ። እያንከባለሉ፣ ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ እያነበቡ፣ የተሠራበትን ዓመት በጣታቸው እያሳዩ ያስረዱኛል። ቶሎ ያልቃል ያልኩት ነገር ረፋዱን በላው። ሻይ ሊያዙልኝ ሲሉ ጾሜን ነው አልኳቸው። የምፈታበት ሰዓት ሲደርስ ከጎናቸው ካለው ምግብ ቤት ሽሮ አስመጡልኝ፤ እሳቸው አልቀመሱም።

ሰውዬው ሌላ ሰው ሆኑብኝ። ቀልድ የለ፣ ወሬ የለ። እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልም። "ጋሽ ሸምሱ፣ ምነው ዛሬ? ሰው የሞተብዎት መሰሉ" አልኳቸው እየሳቅኩ።

ጎማውን እንደያዙ ቆሙ።

"አዎ ልጄ፣ ሞቶብኛል።"

ክው አልኩ። "ወይኔ! ይቅርታ ጋሼ። ዘመድዎ ነው?"

"ወዳጄ ነው። ገና ልጅ ነው።"

"እግዜር ያጽናዎት። እናት አለችው?"

"አለችው።"

"ምስኪን! እሷን ያጽናት እንጂ" አልኩ። "አሚን" ብለው ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዞሩ። ተነስቼ ትከሻቸውን ዳበስ አደረግኳቸው። ወንድሜ ሞቶ ሌላ ሰው ሳጽናና ዋልኩ።

ከዚያ በኋላ ክርክር ገጠምን። ቢኒ የፈለገው ጎማ ስስ ነው፤ ጥርሱም ጥልቀት የለው፣ ለደረቅ አስፋልትና ለፍጥነት የሚሆን። ጋሽ ሸምሱ የያዙት ግን ጥልቅ ቦይ ያለው፣ የዝናቡን ውሃ እየተፋ የሚሄድ ነው።

"ይህንን ውሰጂ" አሉኝ።

"ኧረ ጋሼ፣ ቢኒ ይገለኛል! ሌላ ቢሉሽ እምቢ በያቸው ብሎኛል።"

"ያኛውን አልሸጥልሽም።"

ነጋዴ አልሸጥም ሲል ገና ማየቴ ነው። ተናደድኩ። "እንግዲያው ራሱን እንጠይቀው" ብዬ ደወልኩ። ዝግ ነው። ደገምኩ፣ ዝግ ነው። "ይኼ ልጅ ስልኩን ቻርጅ ማድረግ መቼ ነው የሚማረው!" ብዬ ጮህኩ።

"ተይው ልጄ፣ አትደውይለት" አሉ። ድምፃቸው እየተቆራረጠ ነበር። የወዳጃቸው ሐዘን መስሎኝ አንጀቴን በሉት። ከሐዘንተኛ ጋር ምን ያከራክራል ብዬ እሺ አልኩ። "ካልወደደው ግን ይቀይሩለታል፣ አይደል?" ስላቸው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጎማው ተገጥሞ ሲያልቅ ወደ ማምሻው ሆኗል። ሱቃቸውን ዘግተው "እኔም ወደዚያው ነኝ" በማለት በአሮጌ መኪናቸው እስከ በራችን ተከተሉኝ። አጎቴ እኛ ቤት ተቀምጦ ጠበቀኝ፤ "ዛሬ እናንተ ጋ ልደር ብዬ ነው" አለ። እራት ላይ ስለ ጋሽ ሸምሱ ሐዘን ስነግራቸው እናቴ ከልቧ አዘነች። "ነገ በጠዋት ሄደን ለቅሶ እንድረሳቸው" አለች። አጎቴ እጁን ሊታጠብ ተነሳ።

በማለዳ በሩ ተንኳኳ። አክስቴ፣ የእድር ሰዎች፣ የንስሐ አባታችን፣ ሁሉም ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው ቆመዋል። እናቴ አንድ ጊዜ አየቻቸውና "ቢኒዬን ነው?" አለች። ከዚያ ያለውን መጻፍ አልችልም።

ጋሽ ሸምሱ እስከ ሠልስቱ ድረስ ከድንኳኑ አልወጡም፤ ጥግ ይዘው ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸውን ማየት ጠላሁ። ወንድሜ በሳጥን ሆኖ ሲጓዝ እኔ ሽሮ እየበላሁ ስስቅ እንደነበር ሳስብ ሁሉም ሰው የተጫወተብኝ መሰለኝ፤ ከሁሉም ይልቅ ግን ቂሜ እሳቸው ላይ ነበር። ከአርባው በኋላ ሱቃቸው ሄጄ ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"በምን አፌ ልጄ? ዘመድ በሌለበት፣ ጎማ መሀል አስቀምጬ?" አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ "እየሳቅሽ ነበር። ትሳቅ አልኩ" አሉኝ።

"ያኛውን ጎማስ ለምን ከለከሉኝ?"

"እሱማ አይነዳትም። ከእንግዲህ የምትነጃት አንቺ ነሽ። ለእናትሽ የቀረሻት ደግሞ አንቺ ብቻ ነሽ።"

አለቀስኩ። እሳቸውም አለቀሱ። ግን አኩርፌ ነው የወጣሁት። ወንድሜን ሳላለቅስለት የዋልኩበትን ቀን ማን ይመልስልኛል? ከዚያ በኋላ በላምበረት ባለፍኩ ቁጥር ወደ ሌላኛው የመንገድ ዳር ተሻግሬ ነበር የማልፈው።

ባለፈው ወር የማስተምርበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ጠራችኝ። የባልደረባዬ የሰናይት አባት ጎጃም ውስጥ አርፈዋል። ቤተሰቦቿ ሊያረዷት ያሰቡት በማግስቱ ማለዳ ነው። "አንቺ ጓደኛዋ ነሽ፣ እስክትወጣ ከአጠገቧ አትለዪ" አለችኝ። አልችልም ልል ነበር። አሁኑኑ ይነገራት ልልም ነበር። ሁለቱንም ሳልል ወጣሁ።

ቢሮ ስገባ ሰናይት የፈተና ወረቀት እያረመች አንድ ተማሪ የጻፈውን መልስ አነበበችልኝና በሳቅ ፈረሰች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ። ያን ሳቅ አቋርጬ "አባትሽ" የምልበት አፍ ከየት ይምጣ? አንድ ሁለት ጊዜ ልጀምር ብዬ ወሬውን ወደ ፈተናው መለስኩት። "ምነው ፊትሽ?" ስትለኝ ራሴን አሞኝ ነው አልኳት። ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ዋልን። ማታ በር ላይ ስንለያይ "ነገ እንገናኝ" አለችኝ።

"እሺ" አልኳት።

ታክሲ ውስጥ ገብቼ ለቢኒ እንደ አዲስ አለቀስኩ። በማግስቱ ጋሽ ሸምሱ ጋ ሄጄ ጉልበታቸውን ልስም ብዬ ጎንበስ ስል ቀድመው አነሱኝ። ቂሙ ወጥቶልኛል። ብትጠይቁኝ ግን አሁንም ያን ጊዜውኑ ቢነገረኝ ይሻለኝ ነበር እላለሁ።

ሰናይት ከለቅሶ ከተመለሰች ሰነበተች። ያን ቀን እያወቅኩ አብሬያት መሳቄን ሰምታለች፤ እስካሁን አላናገረችኝም። አልፈርድባትም።