ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ስልክ ቁጥር

ይህ የሆነው የንክኪ ስልክ በየሰዉ እጅ መግባት በጀመረበት ሰሞን፣ እኔም እንጅባራ ላይ ትንሽ የስልክ ጥገና ቤት በከፈትኩ በዓመቱ ነው። ወሩ ነሐሴ ነበር። ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ግን ዛሬም እርጥብ ቅርንጫፍ መንገድ ላይ ተጋድሞ ባየሁ ቁጥር ያ ቀን ይመጣብኛል።

ከእንጅባራ ወደ ግምጃ ቤት ሲኬድ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንድ ፏፏቴ አለ። ስሙን አልጠራም፤ የቤተሰቡን ሐዘን መቀስቀስ አልፈልግም።

ወደ ፏፏቴው የሚያወርዱ ሁለት መንገዶች አሉ። የላይኛው በቀርከሃው ውስጥ ዞሮ ይሄዳል፤ ይረዝማል፣ ግን መሬቱ ድንጋይ ነው። የታችኛው በገደሉ ጠርዝ ያልፋል፤ አጭር ነው፣ በበጋ ሰውም ከብትም ይመላለስበታል። ክረምት ሲገባ ግን አፈሩ ውኃ ይጠጣና ከሥሩ ይቦረቦራል። ከላይ ሣር ለብሶ ደህና ይመስላል፤ ሲረግጡት ይከዳል።

ስለዚህ እዚያው አጠገብ የሚኖሩት ገበሬ አያ ጥላሁን፣ ሰኔ ላይ የብሳና ቅርንጫፍ ቆርጠው በታችኛው መንገድ አፍ ላይ ያጋድማሉ። ሲጠወልግ ይቀይሩታል። የአካባቢው ሰው ያንን ሲያይ ወደ ላይኛው ይዞራል። ማንም አስተምሮት አይደለም፤ ሲደረግ እያየ ነው ያደገው።

በዚያ ዓመት ፏፏቴውን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት መግቢያው ላይ የብረት ሰሌዳ አቆመ። ሰሌዳው ላይ በስልክ ካሜራ የሚነበብ ኮድ አለ። ካሜራውን ሲያስጠጉት ካርታ ይከፈትና መንገዱን በሰማያዊ መስመር ያሳያል። ከሥሩ «ለድንገተኛ አደጋ ይደውሉ» ይልና ቁጥር ይከተላል። ሲመረቅ ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። የኛም አካባቢ እንደ ሌላው ሊሆን ነው ብዬ ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰዉ ሲበተን ኮዱን በስልኬ ከፈትኩት። መስመሩ የታችኛውን መንገድ ነው የሚከተለው። ካርታውን የሠሩት ሰዎች መንገዱን የለኩት በበጋ ስለነበር ነው።

ከወር በኋላ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ሰብለ የምትባል ባለሙያ አነጋገረችኝ።

«አውቃለሁ፤ አያ ጥላሁንም መጥተው ነግረውኛል» አለችኝ። «ግን ካርታውን የሠራው ልጅ ተዛውሯል። ካርታው የሚስተካከልበትን የይለፍ ቃል አስረክቤያለሁ ይላል፤ እዚህ ደግሞ ተረከብኩ የሚል ሰው የለም። አለቆቼን ብጠይቅ በጽሑፍ አቅርቢ አሉኝ። አቀረብኩ፤ መልስ እየጠበቅሁ ነው።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያማ አያ ጥላሁን አሉ!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

አደጋው የደረሰበት ቀን እሁድ ነበር። ውኃው ሲሞላ ፎቶ ላነሳው ብዬ ብቻዬን ሄድኩ። ዝናቡ አባርቶ ጉም ተኝቷል። ታችኛው መንገድ አፍ ላይ ስደርስ ቅርንጫፉ በቦታው ነው። የተቆረጠበት ጫፍ ገና ነጭ ነው፤ ጠዋት የተቀየረ መሆን አለበት። ከቅርንጫፉ ወዲያ ግን ጭቃው ላይ የጫማ ዱካ አየሁ። የሁለት ሰው ነው፤ አንደኛው ሶሉ ጥርስ ያለው ስፖርት ጫማ። ሁለቱም ወደ ውስጥ ይሄዳሉ፤ የተመለሰ የለም።

ወዲያው ጩኸት ሰማሁ።

አንድ ወጣት መንገዱ ላይ ተንበርክኮ በሁለት እጁ ሣር ጨብጧል። ከፊቱ የመንገዱ ጠርዝ እንደ ተገመጠ ዳቦ ጎድሏል። «ወንድሜ! ወንድሜ ወረደ!» ይላል። ታላቅ ወንድሙ ታች ድንጋይ ላይ ወድቆ ያቃስታል። ከአዲስ አበባ ፏፏቴውን ሊያዩ የመጡ ናቸው።

«ተኛ! በደረትህ እየተሳብክ ወደኔ ና» አልኩት። መጣ።

እዚያ ኔትወርክ የለም። ሰሌዳው ጋ ግን ይሠራል። ሮጬ ወጣሁና የተጻፈውን ቁጥር ደወልኩ። አንድ ሰው አነሳ። ከኋላው የመናኸሪያ ጫጫታ ይሰማል።

«ፏፏቴው ጋ ሰው ገደል ገብቷል! ቶሎ ሰው ላኩልን!» አልኩ።

«ወንድሜ፣ እኔ እኮ ደብረ ማርቆስ ነኝ» አለኝ። «ከዚያ ከተዛወርኩ ቆየሁ። የቢሮ ስልክ ስላልነበረ የግሌን ቁጥር ነው የጻፉት። ቀይሩት ብዬ ስንት ጊዜ ነገርኳቸው! እስካሁን ፏፏቴው ዛሬ ክፍት ነው ወይ እያለ የሚደውልልኝ ሰው አለ።»

«ሰው ወድቋል እኮ!» አልኩት።

«በየትኛው መንገድ ነው የገባው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«በታችኛው።»

«ወይኔ፣ መስመሩ!» አለ። ካርታውን የሠራው እሱ መሆኑ ያኔ ገባኝ። «ለሰብለ ልደውል፣ አምቡላንስ ታስልክ፤ አይዟችሁ» አለና ዘጋው።

ዞር ስል አያ ጥላሁን ጩኸቱን ሰምተው ዱላቸውን ይዘው እየሮጡ መጥተዋል። ነገሩን ስነግራቸው ጉብታው ላይ ወጥተው በአዊኛ ተጣሩ። ከማዶ አንድ ድምፅ ተቀበላቸው፤ ከዚያም ሌላ። ብዙም ሳይቆይ ሰዎች የፈረስ መጫኛ ገመድና ቀርከሃ ተሸክመው ደረሱ። ሁለቱ ወገባቸውን ታስረው ወረዱ። የቀሩት ቃሬዛ ሠሩ።

ሲያወጡት ይተነፍስ ነበር። ወንድሙን አየና «ለእማዬ እንዳትነግራት» አለው። ሌላ ቃል አልሰማሁም።

እየተፈራረቅን ተሸከምነው። መንገዱ ያንሸራትታል። አምቡላንሱ በጥሊሊ በኩል ወላድ ለማምጣት ወጥቶ ነበርና፣ ወላዷን ሐኪም ቤት አድርሶ እስኪመለስ ነው የምንጠብቀው። አስፋልቱ ሊታየን ሲል ቃሬዛውን ከፊት የያዙት ሰዎች እርምጃቸውን ቀነሱ። አያ ጥላሁን ጋቢያቸውን አወለቁና አለበሱት፤ ፊቱን ጨምረው።

አስፋልቱ ዳር ተቀምጠን ስንጠብቅ፣ አያ ጥላሁን ታናሽየውን «ቅርንጫፉን ሳታዩት ቀርታችሁ ነው ልጄ?» አሉት። አነጋገራቸው የወቀሳ አልነበረም።

«አይተነዋል አባባ። እንጨት ለቃሚ የጣለው መስሎን ነው። ስልኩ ቀጥታ ሂዱ ይላል» አለ ልጁ። ከዚያ አስፋልቱን እያየ «ቅርንጫፉ እዚህ አስፋልት ላይ ቢሆን እኮ መኪና ተበላሽቷል ብለን እንቆም ነበር» አለ።

አያ ጥላሁን ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እኔስ ሰው ሁሉ የሚያውቀው መስሎኝ!» አሉ።

ከዚያ በኋላ ስብሰባ ተደረገ። የካርታው ጉዳይ ይጣራ ተባለ። ሰብለ ሌላ ደብዳቤ ጻፈች። ለበዓል እንግዶች ሲመጡ ሰሌዳው አዲስ ቀለም ተቀባ፤ ቁጥሩም በደንብ እንዲታይ ደምቆ ተጻፈ። ያው ቁጥር ነው።

በሚቀጥለው ክረምት ጥገና ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ትዝ አለኝና ደወልኩ። ያው ድምፅ አነሳ። አፌን ሳልከፍት «ፏፏቴው ጋ ናችሁ?» አለ። «በታችኛው እንዳትወርዱ። በቀርከሃው በኩል ዙሩ። እርጥብ ቅርንጫፍ ካያችሁ እንዳትሻገሩት፤ ተዘግቷል ማለት ነው።»

ማንነቴን ነገርኩት። «ቁጥሩን ልዘጋው ነበር» አለኝ። «ከዚያ ቀን በኋላ አልሆነልኝም። ቤተ ክርስቲያን ስገባ እንኳ ስልኩን ለሚስቴ ሰጥቻት ነው የምገባው።»

አሁን የቱሪስት ቦታዎች በስልክና በኮድ የሚመሩበት «ስማርት መዳረሻ» የሚባል ነገር በሬዲዮ ስሰማ ሥራዬን አቁሜ አዳምጣለሁ። ቴክኖሎጂውን አልጠላሁትም፤ እንጀራዬ ነው። የሚከነክነኝ፣ ያ ሁሉ ነገር ማንም በማያዘው በአንድ ሰው ኅሊና ላይ ተንጠልጥሎ መቅረቱ ነው።

አያ ጥላሁን ጉልበታቸው ደክሟል። ዘንድሮ ቅርንጫፉን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። መንገዱ አፍ ላይ ካጋደምኩት በኋላ ሰሌዳው ጋ ቆሜ ደወልኩ።

«አለህ?» አልኩት።

«አለሁ» አለኝ።

አንድ ቀን የማያነሳ እንደሆነ ምን እንደማደርግ ግን እስካሁን አላውቅም።